ፎስፎሊፒድና የማይቶኮንድሪያ ኢንዛይሞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባዮኬሚስትሪ ሳስጠና ከዓመት ዓመት የማይቀሩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደሚያከራክረው እሄዳለሁ።

ፎስፎሊፒድ ስብ ነው እንዴ?

የስብ ዘመድ ነው። ቅቤና ዘይት ውስጥ ያለው ተራ ስብ ሦስት ጭራ አለው፤ ሦስቱም ውሃ አይወዱም። ፎስፎሊፒድ ግን ሁለት ጭራ ብቻ ይዞ በሦስተኛው ቦታ ፎስፌት ያለበት ራስ ተገጥሞለታል። ራሱ ውሃ ይወዳል፣ ጭራው ውሃ ይሸሻል። ውሃ ውስጥ ሲገቡ ጭራቸውን መሃል ደብቀው፣ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው በሁለት ረድፍ ይሰለፋሉ። የሴል ሽፋን የምንለው ይኸው ነው።

በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ እንቁላል ስበሩ። ዘይትና ሎሚ ብቻ ብትመቱ ትንሽ ቆይቶ ይለያያል። አስኳል ስትጨምሩበት ግን ተዋህዶ ማዮኔዝ ይሆናል። አስኳሉ ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ጋር ሆኖ ያዋሃደው ሌሲቲን ነው፤ ስሙም የመጣው ከግሪክኛው የአስኳል መጠሪያ ነው። የብስኩትና የቸኮላት መጠቅለያ ላይ ኢ322 የሚል ካያችሁ እሱው ነው። ኬሚስቶች ሌሲቲን ሲሉ ፎስፋቲዲል ኮሊን ማለታቸው ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

ማይቶኮንድሪያ ውስጥ የቱ ጋ ነው ያለው?

ማይቶኮንድሪያ፣ የሴሉ ኃይል ማመንጫ፣ ሁለት ሽፋን አለው፤ ሁለቱም መሠረታቸው ፎስፎሊፒድ ነው። ውጪኛው ያልተጣጠፈና ቀዳዳ የበዛበት ነው። ውስጠኛው ግን ትንሽ ሳጥን ውስጥ እንደተጠቀጠቀ ጋቢ እጥፍጥፍ ያለ ነው፤ የሴሉ ነዳጅ የሆነው ኤቲፒ የሚመረተውም እዚያ ላይ ነው።

ከውስጠኛው ሽፋን ክብደት ሦስት አራተኛው ገደማ ፕሮቲን ነው። ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፕሮቲኑ ይህን ያህል ከበዛ ስቡ መሙያ ብቻ ይመስለዋል። ግን አስቡት፤ ሚኒባስ ታክሲ ጢም ብሎ ሲሞላ ነው እንጂ ባዶ ሲሆንማ አጠገባችሁ ማን እንደተቀመጠ መች ይሰማችኋል? የተጨናነቀ ሽፋን ላይም ያለችው ጥቂት ስብ ከፕሮቲኑ ጋር ትከሻ ለትከሻ ናት።

በዓይነት ፎስፋቲዲል ኮሊንና ፎስፋቲዲል ኢታኖላሚን ይበዛሉ። ሦስተኛው ካርዲዮሊፒን ነው፤ ከውስጠኛው ሽፋን ፎስፎሊፒድ ከ15 እስከ 20 ከመቶ ይይዛል። ኮሌስትሮል እዚህ ቤት ብዙም አይታይም።

ኢንዛይም ፕሮቲን ከሆነ ስቡን ምን አገባው?

ይህን ጥያቄ በሙከራ የመለሱት በ1962 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ የነበሩት ሲድኒ ፍላይሸርና ባልደረቦቹ ናቸው። ማይቶኮንድሪያውን ጥቂት ውሃ በገባበት አሴቶን አጠቡት፤ አሴቶን ማለት ያው የጥፍር ቀለም የሚለቀቅበት ፈሳሽ ነው። ስቡ ታጥቦ ሄደ፣ ፕሮቲኑ ቀረ። ኤሌክትሮን ከኢንዛይም ወደ ኢንዛይም የማስተላለፉ ሥራም ቀጥ አለ። ከዚያ ፎስፎሊፒድ መለሱለት። ሥራው እንደገና ተነሳ። ፕሮቲን አልጨመሩም፣ አልቀነሱም፤ የሄደውም የተመለሰውም ስብ ነው።

ለምን? አንደኛ ነገር እነዚህ ኢንዛይሞች ወገባቸው ውሃ ይሸሻል። ጭራዎቹ መሃል ተቀብሮ ካልተያዘ ቅርጻቸው ይላላል ወይም እርስ በርስ ተጣብቀው ይጓጉላሉ። ሌላው፣ ሽፋኑ ግድብ ነው። የኤሌክትሮን ሰንሰለቱ ፕሮቶን ወደ ውጭ እየገፋ ያጠራቅማል፤ የተጠራቀመው ተመልሶ ሲወርድ ኤቲፒ የሚሠራውን ኢንዛይም፣ ኤቲፒ ሲንቴዝን፣ ያሽከረክረዋል። ግድቡ ካንጠባጠበ ተርባይኑ አዲስ ቢሆንም መብራት የለም።

እስከዚህ ድረስ ስቡ ጥሩ ቤት ነው ብላችሁ ልታልፉ ትችላላችሁ። የሚቀጥለው መልስ ግን ያን አባባል ያፈርሰዋል።

ያለ ፎስፎሊፒድ ጭራሽ የማይሠራ ኢንዛይም ጥቀስ ብባልስ?

ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬት ዲሃይድሮጅኔዝ በሉ። ስሙ ምላስ ያደክማል፣ ሥራው ግን ቀላል ነው። ምግብ ለረጅም ሰዓት ሲርቅ ወይም ኢንሱሊን ሲጠፋ ጉበት ከስብ ኪቶን የሚባል ተተኪ ነዳጅ ይሠራል፤ ይህ ኢንዛይም አሴቶአሴቴትን ወደ ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬት ይቀይረዋል። ልብና አንጎል ሲደርስ ደግሞ መልሶ ይገለብጠዋል። ስኳሩ ከቁጥጥር የወጣ ታማሚ አጠገብ ቆማችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ያ እንደበሰለ ፍራፍሬ ያለ ትንፋሽ የዚሁ መንገድ ትርፍ ነው፤ አሴቶአሴቴት ሲፈርስ የሚወጣ አሴቶን።

ኢንዛይሙ የተቀመጠው የውስጠኛው ሽፋን ወደ ውስጥ በዞረው ገጽ ላይ ነው። ከስቡ አላቅቃችሁ ንጹሕ ፕሮቲን ስታደርጉት ዝም ይላል። ደከም አለ ማለቴ አይደለም፤ ዝም ነው የሚለው። ፎስፋቲዲል ኢታኖላሚን ብቻውን ስጡት፣ አይነሳም። ካርዲዮሊፒን ብቻውን ስጡት፣ አይነሳም። ፎስፋቲዲል ኮሊን፣ ያ የአስኳሉ ሌሲቲን፣ ሲገባበት ግን ይነሳል። ከራሱ ከማይቶኮንድሪያ የወጣ ቅልቅል ስብ ብትሰጡት ደግሞ ይበልጥ ይስማማዋል፤ ቅልቅሉ ውስጥም ኮሊኑ አለ።

ምክንያቱ ሲፈተሽ ኢንዛይሙ ኤሌክትሮን የሚያቀብለውን ረዳት ሞለኪውል፣ ኤንኤዲኤችን፣ በደንብ መያዝ የሚችለው ያ ስብ አብሮት ሲኖር ሆኖ ተገኘ። ያለ ኤንኤዲኤች ደግሞ ሥራ የለም። ስለ ፎስፎሊፒድ አንድ ምሳሌ ብቻ ተፈቅዶልሃል ብባል ይህንን ነው የምመርጠው፤ ስቡ ቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ የቤቱ ራስ ኮሊን ይሁን ኢታኖላሚን ለተከራዩ ለውጥ ባላመጣ ነበር።

ካርዲዮሊፒን ለምንድን ነው እንዲህ ስሙ የገነነው?

ቅርጹ ለየት ያለ ስለሆነ፣ አድራሻውም አንድ ስለሆነ። ሁለት ፎስፎሊፒድ ጎን ለጎን የተሰፉ ይመስላል፤ አራት ጭራ፣ ሁለት ፎስፌት። በእኛ ሴል ውስጥ የሚሠራውም በብዛት የሚገኘውም ማይቶኮንድሪያ ውስጥ፣ ያውም ውስጠኛው ሽፋን ላይ ነው። ብዙ ባክቴሪያዎችም አላቸው። ማይቶኮንድሪያ ድሮ ድሮ በሴል የተዋጠ ባክቴሪያ ነበር ለሚለው ታሪክ አንዱ ምልክት ይኸው ነው።

ራሱ ጠባብ፣ ጭራው ሰፊ ስለሆነ ሽፋኑ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይመቸዋል። በዚያ ላይ ሁለቱ ፎስፌቶች ነጌቲቭ ናቸው፤ ፖዘቲቭ የሆነ የፕሮቲን ጎን ሲያገኙ ይጣበቃሉ። የኤሌክትሮን ሰንሰለቱ ትልልቅ ኢንዛይሞች ኮምፕሌክስ 1፣ 3፣ 4፣ ኤቲፒ ሲንቴዝ፣ ኤዲፒ አስገብቶ ኤቲፒ የሚያስወጣው ተሸካሚ፣ ሁሉም ላይ ተጣብቆ ተገኝቷል። የኮምፕሌክስ 4ን ማለትም የሳይቶክሮም ኦክሲዴዝን ካርዲዮሊፒን ብትነጥቁት አቅሙ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሌላ ፎስፎሊፒድ ቢሰጡት አይመለስለትም፤ ካርዲዮሊፒን ሲያገኝ ግን ያገግማል። እርሾ ላይ ደግሞ ካርዲዮሊፒን እንዳይሠራ ሲደረግ ኮምፕሌክስ 3 እና 4 አንድ ላይ የገጠሙበት ትልቁ ስብስብ ይላቀቃል። ስለዚህ ሙጫም ነው።

እርግዝና ክትትል ላይ የሚሠራው የቂጥኝ ምርመራ፣ ቪዲአርኤል፣ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

አዎ፣ ያው ራሱ ካርዲዮሊፒን ነው። እንዲያውም የተገኘው በዚያ በኩል ነው። የቂጥኝ የደም ምርመራ ከ1906 ጀምሮ ነበረ፤ በኋላም ከበሬ ልብ የሚወጣ ጭማቂ ይሠራበት ነበር። ጭማቂው ውስጥ ሥራውን የሚሠራው የትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ በቅጡ አይታወቅም ነበር። በ1942 ኒውዮርክ ግዛት የጤና ላቦራቶሪ ውስጥ የነበረችው ሜሪ ፓንግቦርን ለየችው። ከልብ ስለወጣ ካርዲዮሊፒን አለችው። ከማይቶኮንድሪያ ጋር እንደሚገናኝ ያኔ ወሬ የለም።

ዛሬም የቪዲአርኤልና የእህት ምርመራው የአርፒአር መመርመሪያው ካርዲዮሊፒን፣ ሌሲቲንና ኮሌስትሮል ነው። አርፒአር ካርድ ላይ ሴረሙ ጠብ ተደርጎ፣ የከሰል ደቃቅ ያለበት ፈሳሽ ተጨምሮ ሲሽከረከር፣ ጥቁሩ ነገር ተሰባስቦ እንደ ቡና አተላ እህል እህል ካለ ፖዘቲቭ ነው። የሚፈለገው በበሽታው ጊዜ በስብ ላይ የተነሳ አንቲቦዲ እንጂ ባክቴሪያው ራሱ አይደለም። ለዚህ ነው ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ) ያለበት ሰው፣ አንዳንዴም ነፍሰ ጡር ሴት፣ ቂጥኝ ሳይኖርባት ፖዘቲቭ ልታሳይ የምትችለው። ትዳር ከመበጥበጡ በፊት እንደ ቲፒኤችኤ ባለ ማረጋገጫ ምርመራ ይታይ።

የጭራው ዓይነትስ ለውጥ አለው? የኑግ ዘይት ነገር ሰምቼ ነበር።

አለው። የሐምሌ ጠዋት ጓዳ ውስጥ ቅቤው ረግቶ ማንኪያ አይበሳውም፣ የኑግ ዘይቱ ግን ልል ብሎ ይፈሳል። ልዩነቱ ጭራው ላይ ነው። የቅቤ ጭራ አብዛኛው ቀጥ ያለ ስለሆነ ተደራርቦ ይተኛል፤ የኑጉ ወገቡ ጋ ጎበጥ ያለ ስለሆነ አይደራረብለትም። ሽፋን ላይም ጎባጣ ጭራ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ይንቀሳቀሳሉ፣ ይገናኛሉ።

የልብ ካርዲዮሊፒን ደግሞ መራጭ ነው። አራቱም ጭራ አንድ ዓይነት፣ ሊኖሌይክ አሲድ፣ የሆነለት ነው የሚበዛው። ሊኖሌይክ አሲድን ሰውነታችን አይሠራውም፣ ከምግብ ነው የሚያገኘው። የኑግ ዘይት ቅባት አሲዶች ደግሞ 70 ከመቶ ገደማቸው ሊኖሌይክ ነው። ወሬው የመጣው ከዚህ ይመስለኛል፤ እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ከዚህ ተነስቶ ኑግ የልብ ድካም ያድናል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንዲያ አላልኩም። ለካርዲዮሊፒን የሚያስፈልገው ሊኖሌይክ አሲድ ጥቂት ነው፤ ተራ ምግብ የሚበላ ሰው ያገኘዋል።

ካርዲዮሊፒን ሲበላሽ ምን ይመጣል?

ቁልጭ ያለው ምሳሌ ባርት ሲንድሮም ነው። በ1983 ፒተር ባርት የተባለ የኔዘርላንድስ ሐኪም የገለጸው በሽታ ነው። ልባቸው ሰፍቶ የሚደክም፣ ጡንቻቸው የሚዝል፣ ነጭ የደም ሴላቸው እየወረደ በኢንፌክሽን የሚጠቁ ወንዶች ልጆች ናቸው። ወንዶች ያልኩት ጂኑ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስላለ ነው። ጂኑ የሚያዘው ታፋዚን የሚባል ኢንዛይም ሲሆን ሥራው ልብስ ሰፊ ይመስላል፤ አዲስ የተሠራውን ካርዲዮሊፒን ጭራ እየፈታ በሊኖሌይክ ይተካዋል።

ታፋዚን ሲጠፋ ካርዲዮሊፒኑ ይቀንሳል፤ አንድ ጭራ የጎደለው፣ ባለ ሦስት ጭራው ዓይነት ይከማቻል። የሁለቱ ጥምርታ በደም ስለሚለካ ምርመራውም በዚያ ነው። ልብ በሉ፤ የሰንሰለቱ ኢንዛይሞች ጂኖች ጤነኛ ናቸው። የጎደለው ስብ ነው፣ የደከመው ልብ ነው። ካርዲዮሊፒን ላይ የሚጣበቅ ኤላሚፕሬታይድ የሚባል መርፌ በ2025 የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በተፋጠነ መንገድ ፈቅዶታል። መለኪያው የጉልበት መዘርጊያ ጡንቻ ጥንካሬ መጨመር ነበር።

ሌሲቲን ክኒን ብውጥ ወይም አስኳል ባበዛ ጉልበት አገኛለሁ?

አታገኙም። የዋጣችሁት ፎስፎሊፒድ አንጀት ውስጥ በኢንዛይም ይቆራረጣል፤ ቁርጥራጩ ተመጥጦ ለሁሉም ነገር ይውላል። ቀጥ ብሎ ማይቶኮንድሪያ የሚገባ የለም። ካርዲዮሊፒንን እዚያው በቤቱ ነው የሚሠራው። አስኳሉን ከወደዳችሁት ብሉት።

ዶክሶሩቢሲን የካንሰር መድኃኒት ሆኖ ልብን ለምን ይጎዳል?

ታማሚዎች ቀዩ መድኃኒት የሚሉት ነው፤ ቀለሙ እውነትም ቀይ ነው። የተከማቸው መጠን ከፍ እያለ ሲሄድ ልብን ያደክማል፤ ለዚህ ነው በየመሃሉ የልብ አልትራሳውንድ የሚታዘዘው። አንዱ ምክንያት እዚህ ጉዳያችን ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ፖዘቲቭ ነው፣ ካርዲዮሊፒን ነጌቲቭ። ይሳሳባሉ። ልብ ደግሞ ሌት ተቀን የሚሠራ ጡንቻ ስለሆነ በማይቶኮንድሪያ የተሞላ ነው፤ መድኃኒቱ ውስጠኛው ሽፋን ላይ ይሰበሰባል፣ ኤሌክትሮን ከሰንሰለቱ ይነጥቃል፣ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶች ይፈጠራሉ፣ እነሱም መልሰው ያንኑ ካርዲዮሊፒን ያበላሻሉ።

ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው የሚል ካጋጠማችሁ አትመኑት። በልብ ሴል ኒውክለስ ውስጥ ዲኤንኤ የሚፈታታው ቶፖአይሶሜሬዝ 2 ቤታ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ትልቅ ድርሻ አለው።

ካርዲዮሊፒን ሴልን ይገድላል የሚባለውስ?

ግማሹ እውነት ነው። ሳይቶክሮም ሲ የምትባል ትንሽ ፕሮቲን አለች፤ ከኮምፕሌክስ 3 ኤሌክትሮን ተቀብላ ለኮምፕሌክስ 4 የምታደርስ ተላላኪ ናት። ፖዘቲቭ ስለሆነች ካርዲዮሊፒን ላይ ጠጋ ትላለች። ጠበቅ አድርጎ ሲይዛት ግን ቅርጿ ይላላና ሥራ ትቀይራለች፤ ፔሮክሲዴዝ ሆና የያዛትን ካርዲዮሊፒን ራሱን ታቃጥለዋለች። የተቃጠለው አይይዛትም። ትለቀቅና ውጪኛው ሽፋን ከተበሳ ወደ ሴሉ ትወጣለች፤ እሷ ስትወጣ ሴሉ በሥርዓት የሚሞትበት መንገድ ይጀመራል።

ስለዚህ ገዳይ ከማለት ደወል ብትሉት ይሻላል። የኢንዛይም ሥራ በስብ እንደሚቀየር የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ያቺው ፕሮቲን ናት፣ ስቡ ጋ ያላት ቅርበት ሲለወጥ ሌላ ኢንዛይም ትሆናለች።

ስብ የሚወጣው በሳሙናና በአሴቶን ከሆነ፣ ፕሮቲኑን የጎዳው ሳሙናው ሊሆን አይችልም?

ይህን የጠየቀ ተማሪ ይመቸኛል። ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ሆኗል። ለዚህ ነው ማውጣቱ ብቻ ማስረጃ የማይሆነው። ስቡን ስትመልሱ ሥራው ከተመለሰ ፕሮቲኑ አልሞተም ነበር ማለት ነው። ሌላ ዓይነት ስብ ስትሰጡት ካልተመለሰ ደግሞ ምርጫው የስቡ ነው። ሁለቱም ካልተሟሉ ውጤቱን ጥርጣሬ ውስጥ አስገቡት።

ሌላው መንገድ ሳሙና ሳይነኩ ጂን መንካት ነው። እርሾ ላይ የካርዲዮሊፒን መሥሪያው ጂን ሲወጣ፣ እርሾው አልሞተም! ብዙዎቻችን ይሞታል ብለን እንጠብቅ ነበር። ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ያድጋል፤ 37 ዲግሪ ላይ ሲያስቀምጡት ነው የሚንገዳገደው። ከካርዲዮሊፒን በፊት ያለው ቅድመ ውጤት፣ ፎስፋቲዲል ግሊሰሮል፣ ይጠራቀምና በከፊል ቦታውን ይሸፍንለታል። ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ፎስፋቲዲል ኢታኖላሚን የሚሠራውን ጂን አብራችሁ ስታወጡ ግን እርሾው አይኖርም። ሁለቱም ራሳቸው ጠባብ፣ ጭራቸው ሰፊ ነው፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይደግፋል።

ፈተና ላይ ፎስፎሊፒዱን ኮፋክተር (ኢንዛይሙ ያለሱ የማይሠራ ረዳት) ልበለው ወይስ አካባቢ?

እንደ ኢንዛይሙ ነው። ለቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬት ዲሃይድሮጅኔዝ ፎስፋቲዲል ኮሊን ኮፋክተር ቢባል አይበዛበትም፤ ያለሱ ሥራ የለምና። ለሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ ግን ካርዲዮሊፒንን ብረት ከያዘው ከሂም ጋር እኩል ብትደረድሩት ነጥብ እቀንሳለሁ፤ ሂም ሲወጣ ኢንዛይሙ ያበቃለታል፣ ካርዲዮሊፒን ሲወጣ ግማሽ ይቀራል።

ማየት ያለባችሁ ስቡ ምን ያህል እንደተጣበቀ ነው። ፕሮቲኑን የከበበው አብዛኛው ስብ መንገደኛ ነው፤ በሰከንድ ውስጥ ሚሊዮን ጊዜ ቦታ ይለዋወጣል። ጥቂቶቹ ግን ስንጥቁ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ፤ ፕሮቲኑ በሳሙና ታጥቦ፣ ተጣርቶ፣ ክሪስታል ሆኖ እንኳ አብረውት ይወጣሉ። ጃፓኖች በ2007 የበሬ ልብ ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ ክሪስታል ላይ እንዲህ ተጣብቀው የቀሩ 13 የስብ ሞለኪውሎች ቆጥረዋል። ሁለቱ ካርዲዮሊፒን ናቸው። ሦስቱ ደግሞ ፎስፎሊፒድ እንኳ አይደሉም፤ መጀመሪያ ላይ ያነሳነው፣ ቅቤ ውስጥ ያለው ባለ ሦስት ጭራ ተራ ስብ ናቸው።